የታጠፈ ጨርቅ

«ደም ግፊት ነው» አሉ አክስትየው፣ አሁን ለገቡት ጎረቤቶች። «ድንገት ጣለው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። የወንድሟ ደም ግፊት ከቀብሩ ወዲህ እያደገ ነው። ትናንት «ትንሽ ነበረበት» ነበር የተባለው፤ ዛሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሆኗል። ራሱን እንዳጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቶቹም አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ተቀመጡ፣ ተንሾካሾኩ።

ደክሟታል። ሰው ሲገባ መነሳት፣ ሲወጣ መነሳት።

ወንድሟን ሰፈሩ «መቀሱ» ይለው ነበር። ከቤቱ ሳሎን ጋር በተያያዘችው ሱቅ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ለመለካት ሆዱን የሚያስገባ ደንበኛ ሲመጣ «ይተንፍሱ ጋሼ! ሱሪው እየበሉም የሚለበስ ነው» ይላል። ጨርቁን ጫፍና ጫፍ ይዘው አብረው ያጥፉታል፤ ታጥፎ ሲቆረጥ የግራውም የቀኙም እጅጌ አንድ ላይ ይወጣል።

አንድ ቀን ማጠፍ ተወ። ጨርቁን ዘርግቶ ይቆርጣል፤ እጅጌው ሁሉ ግራ ይሆናል።

«ምን ሆነሃል?»

«ስናጥፈው መሃሉ ላይ ሰው ያወራል። ስለ እኔ።»

ሥራ በዝቶበት ነው አለች። የቀኙን ራሷ እየቆረጠች ደንበኛ ሳያይ ታሟላለች። አንድ ማለዳ ታጥቦ፣ ለብሶ መጣና «ሐኪም ጋ ውሰዱኝ» አለ።

«እብድ ልትባል?» አሉ አክስትየው። «እህትህን ማን ያገባታል?»

ማንም አልወሰደውም። ኮቱን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ ዋለ።

ለለቀስተኞቹ ብርጭቆ ልታመጣ ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ገባች። ታናሽ እህቷ ሚጡ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች።

«ንጹህ ነው እኮ። ተይውና ትንሽ ጋደም በይ።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ እታለም።»

«ሐዘን ነው።»

«እሱ ሳይሞትም ነበር። ጭንቅላቴ አያርፍም። አንዳንዴ እኔም ብሄድስ እላለሁ።» ሚጡ ውሃውን ዘጋች። «ሰው ሲጠይቀኝ እኔም ደም ግፊት ነው የምለው?»

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለቻት። እጇን ይዛ ወደ ሳሎን አወጣቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት።

አክስትየው ሊያጽናና ለመጣው ለሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ እየነገሩት ነበር። «ደም ግፊቱ ነው፣ ልጄ...»

«አይደለም፣ አክስቴ» አለች። «አእምሮውን ታሞ ነበር። ውሰዱኝ ብሎ ለምኖናል። አልወሰድነውም።»

አክስትየው ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው አንቺ ልጅ! በሟች ላይ?»

ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «እኔም እታከማለሁ» አለ። «ሱቁን ቆልፌ ነው መድኃኒቱን የምውጠው።»

«አንተ? ምላጭ ይዘህ?» አሉ አክስትየው።

«አዎ እትዬ። እስካሁን ጆሮ አልቆረጥኩም።»

አንዱ ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሚጡ ዞረ፤ እንዴት እንዳወቀ እንጃ። «እኔ የምታከምበት ሐኪም ቤት በሽተኛ የሚቀበለው ጠዋት ነው። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ቶሎ አትቆጣም።»

ያን ሌሊት ልብስ ሰፊዋ ሚጡን አቅፋት አደረች።

ጠዋት እህትማማቾቹ ጫማቸውን ሲያደርጉ አክስትየው በር ላይ ቆሙ። «ሐዘን ቤት ተጥሎ የት ይኬዳል? ሰው ሲመጣ ምን ልበል?»

«ሐኪም ቤት ሄደዋል ይበሉ።»

አክስትየው ከበሩ ዞር አሉላቸው።

በሱቁ በኩል ወጡ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እሱ የተወው ጨርቅ እንደተዘረጋ ነው፤ ያሰመረበት ጠመኔ አልጠፋም። ልብስ ሰፊዋ ቆመች። አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጋ ሌላውን ለሚጡ አቀበለቻት።

«ያዥ» አለቻት።

ሚጡ ያዘች። ተጠጉ፤ ጫፍና ጫፉን ገጠሙት። ልብስ ሰፊዋ እጥፋቱን በመዳፏ ቀስ ብላ ዳበሰችውና በሩን ከፈተች።