ተቆርጦ የቀረው

ወይዘሮ እታፈራሁ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የልጃቸውን ፎቶ ፈትተው በዓቢዳ ሱቅ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ይችን አውጪልኝ፣ ልጄ። ‹የመርሳ ነገር› የሚሉት የፌስቡክ ገጽ ካወጣው አገር ያየዋል አሉኝ። መቼም አንቺ ስልክ ሻጭ ነሽ፣ ሰዎቹን ሳታውቂያቸው አትቀሪም።»

ዓቢዳ ፎቶውን አየችው። አማን ነው፤ ከእነሱ ቤት ጀርባ ያደገው ባጃጅ ነጂ። መንገድ ከተዘጋበት ሰልፍ ማግስት ጀምሮ ወልድያ ታስሯል። የ«የመርሳ ነገር» ባለቤት እሷ ራሷ መሆኗን ግን ከወንድሟ ከሚስባህ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ገጹን የከፈተችው በመርሳ ከተማ የጠፋ መታወቂያና የመብራት መቋረጥ ልታሳውቅበት ነበር። ቧንቧው ደርቆ ሲከርም የባዶ ጀሪካን ሰልፍ ፎቶ ለጠፈች፤ ሰው ተቀባበለው። ስለ ውሃ የተጀመረው ወሬ ወደ አስተዳዳሪዎቹ ዞረ፤ «ይውረዱልን» ተባለ። አንድ ጠዋት ወጣቱ ግልብጥ ብሎ ወጣና አስፋልቱን በድንጋይ ዘጋ። ዓቢዳ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ ቀረፀች። አማን ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ ሲያነሳ የሚታይበትን ብቻ ቆረጠችና «የመርሳ ልጅ አይበገርም» ብላ ለቀቀችው። ሳይመሽ በአጎራባቾቹ በውርጌሳም በሲሪንቃም መንገድ ተዘጋ። በየሰዉ ስልክ የሚታየው የአማን ፊት ነበር።

ቆርጣ ባስቀረችው ላይ ግን አማን ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር ሲጥለው ይታያል። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅ ቆሞ ነበርና ሊያሳልፋት ነው። የሌሎቹ ልጆች ፊት በሻሽ ተሸፍኗል። ፊቱን ሳይሸፍን ድንጋዩን ወደ ቦታው ሊመልስ ከአማን ጋር የሚታገለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሚስባህ።

«ፖሊሶቹ ምን አሉዎት?» ስትል ዓቢዳ ወይዘሮ እታፈራሁን ጠየቀች።

«መንገዱን የዘጋው፣ ሕዝቡን ያነሳሳው እሱ ነው ይላሉ። ቪዲዮ አለን ይላሉ። እሱ ደግሞ ‹እማ፣ ድንጋዩን እኮ ከመንገድ ላይ ላነሳው ነው› ይለኛል። እኔስ አመንኩት።»

ዓቢዳ እንደምታስወጣላቸው ነግራ ሸኘቻቸው። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከገጿ አጠፋችው፤ ነገር ግን በሌሎች ገጾች ተባዝቶ ከእጇ ወጥቷል። ከቀሪው ላይ ሚስባህ የማይታይበትን፣ አማን ባጃጁን በእጁ እየጠቆመ የሚያሳልፍበትን ለይታ ለቀቀች። ያኛው በአንድ ጀንበር አገር አዳርሶ ነበር፤ ይሄኛውን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው። ያዩትም ገጹ ለመንግሥት ተሸጧል ብለው ሰደቧት።

ወይዘሮ እታፈራሁ በማግስቱ ያችኑ ቁራጭ በሰው ስልክ አስጭነው ወልድያ ደርሰው ተመለሱ። መርማሪው የተቆራረጠ ነገር አልቀበልም፣ የቀረፀው ሰው ራሱ ሙሉውን ይዞ ይምጣ ብሏቸዋል። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ይህን ሲነግሯት አላለቀሱም።

«የቀረፀውን ልጅ ብታውቂው...» አሉና ተዉት።

ዓቢዳ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጓዳ ገባች። ሚስባህ ከሰልፉ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ሁሉንም ሰምቷል። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሙሉውን ከሰጠሽ እኔን ሰጠሽኝ ማለት ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አጥፊውና ይገላግለን። ድንጋይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ሰው አልገደልኩም።»

«አማን ድንጋይም አላስቀመጠም፣ ሚስባህ።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓቢዳ ጣቷን ቪዲዮው ላይ አሳርፋ ቆየች። ብታጠፋው ሚስባህ ይተርፋል፤ እሷም ትተርፋለች፤ እኒያ ሴትዮ ግን ነገም ፎቶውን ይዘው ይመጣሉ። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ወልድያ ልሄድ ነው» አለች። «ሚኒባሱ እስኪሞላ ጊዜ አለህ። ካሰብክበት አብረኸኝ ና። ካልሆነ ግን የት እንደምትሄድ አትንገረኝ፤ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አይኑረኝ።»

ወደ ሱቁ ወጥታ ጠረጴዛውን ሸፈነች፤ የሱቁን በር ከውጭ ቆለፈች።

«ይነሱ እትዬ፣ አብረን እንሂድ» አለች። «የቀረፅኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ትክ ብለው አዩዋት። ክንዷን ተደግፈው ተነሱ። በዚህ መሃል በጓሮ በኩል የቆርቆሮው በር ሲጢጥ አለ። ዓቢዳ የወንድሟን መሄጃ ላለማየት ፊቷን ወደ አስፋልቱ መልሳ መራመድ ጀመረች።