ነፋስ የሚያስገባ ኮፍያ

«ክሩን ኪሮሹ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙና አስገቡ፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ሳቡ» አለች ባንቺዓለም፣ ሁሉም እንዲያዩት እጇን ከፍ አድርጋ።

አሥራ ስምንት የሞጣ ሴቶች በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታቸው እየተጋጨ ተቀምጠው የእሷን እጅ ይከተላሉ። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ለሴቶች ማኅበር ተለቋል። በየጭናቸው ላይ አመድማ የሱፍ ክር አለ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ለሚዘምቱት ወጣቶች የኪሮሽ ኮፍያ ሊሠሩበት ከክፍለ ሀገር የተላከ ነው። በሩ አጠገብ የቢቸና ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ሰብለ ወንጌል እንደ ሙሽራ እናት ደስ ብሏት ቆማለች።

«አያችሁ?» አለች ሰብለ ወንጌል። «ድሮ ሃያ አራት ዙር ይፈጅ የነበረው አሁን በአሥራ አምስት ያልቃል። ከአምስት ጥቅል አንዱ ይተርፋል ማለት ነው። ይህን ያገኘችው የእኛዋ ባንቺዓለም ናት!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ባንቺዓለም አንገቷን ደፋች። ጨዋነት መሰላቸው፤ እሷ ግን ቀና ብላ ማንንም ማየት ስላቃታት ነው።

ነገሩ የጀመረው በአህያ ነው። ባንቺዓለም ዳንቴል በመሥራት በቢቸና የታወቀች ነበረች፤ የዳንቴል ክር ከሱቅ ከጠፋ ወዲህ ግን እጇ ሥራ ፈትቶ ነበር። አንዲት አስተማሪ ስትዛወር የተወችላት ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ ገጽ አላት፤ በአንድ በኩል የሕፃን ኮፍያ፣ በሌላው በኩል ድብ አለበት። ቋንቋውን ባታውቀውም ክቡንና መስቀሉን ምልክት እየቆጠረች ታነበዋለች። ማኅበሩ የዘማቾች ኮፍያ ሥሩ ብሎ ክር ሲያድል የሕፃኑን ኮፍያ በራሷ አናት እየለካች ለአዋቂ አደረገችው፤ የማኅበሩም ናሙና ሆነ። የአምስት ዓመት ልጇ አገሬ ግን ዓይኗን ከድቡ ላይ አልነቅል አለች።

ድብ ምን እንደሆነ አገሬም አታውቅ፣ እናቷም አይታ አታውቅ። ስለዚህ ባንቺዓለም ጆሮውን አስረዘመችው፣ አፍንጫውን አሾለችው፣ ጭራ ቀጠለችለትና አህያ ሆኖ ቁጭ አለ። ክሩ ከየት መጣ? ከኮፍያው። አጭሩን የኪሮሽ ዓይን ትታ በረጅሙ፣ ላላ ባለው ስትሠራው ኮፍያው በቁመትም በመልክም ያው ነው፤ ከአምስት ኮፍያ ግን የአንዱ ክር ይተርፋል። ለአንዴ ነው አለች። አህያውን ያየች የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ለልጇ በግ እንድትሠራላት ሁለት ሳሙና ይዛ መጣች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሚስት በስኳር አሻንጉሊት አሠራች። ሳሙናም ስኳርም በሰልፍ በማይገኝበት ጊዜ ማን እምቢ ይላል? ባንቺዓለም አርባ ኮፍያ አስረከበች፤ አርባውም ሳሳ ያለ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ኮፍያዎች ሳታስረክብ አንድ ቀን ሰብለ ወንጌል ሳትጠራ ከቤቷ ገባች። የተረፉ ሦስት ጥቅል ክሮች ካለቁት ኮፍያዎች አጠገብ ተቀምጠው አየች።

«ይህ ክር ከየት ተረፈ?»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፤ እሱ የተለጠፈበት ሰው ከቤቱ አያድርም። ባንቺዓለም ጥቅሎቹን አንሥታ ዘረጋችላት።

«ቆጥቤው ነው። አዲስ አሠራር አግኝቼ… ላሳይዎት ስል ነው የመጡት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰብለ ወንጌል አገላብጣ ሳመቻት። በሳምንቱ ለደብረ ማርቆስ ሪፖርት ተጻፈ፤ ደብረ ማርቆስም አመስግኖ ለሞጣ ሴቶች የመቶ ኮፍያ ትእዛዝ ከሰማንያ ጥቅል ክር ጋር ላከ። ባንቺዓለምም አስተማሪ ሆና በጉንደ ወይን በኩል በጭነት መኪና ተንገጫግጫ ሞጣ ደረሰች።

ለዕረፍት ሴቶቹ ወደ ግቢው ሲወጡ አንዲት ሴት ቀሩ። እትዬ ራዲያ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ደርሷል፤ ሞጣ ውስጥ የሶላት ኮፍያ በኪሮሽ በመሥራት የሚያህላቸው የለም። የባንቺዓለምን ናሙና አንሥተው ወደ መስኮቱ ዘረጉት።

«እስቲ እጅሽን ወዲህ አምጪ።»

ባንቺዓለም መዳፏን ሰጠች። እትዬ ራዲያ ኮፍያውን መዳፏ ላይ አልብሰው ከላይ እፍ አሉበት። ትንፋሻቸው ምንም ሳያግደው እጇ ላይ ደረሰ።

«እኔ የሶላት ኮፍያ ስሠራ ዓይኑን የማላላው አናት እንዲተነፍስ ብዬ ነው፤ ቆላ ለሚወርድ ነጋዴ ደግ ነው» አሉ። «እነዚህ ልጆች ግን የሚሄዱት ወደ ብርድ አገር ነው አሉ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የእነሱ አናት ለምን ይተንፍስ?»

ባንቺዓለም እጇን ከኮፍያው ውስጥ አወጣች።

«ሳታውቂ ነው እንዳልል እጅሽ የማያውቅ ሰው እጅ አይደለም።»

«ክር ለመቆጠብ ነው» አለች ባንቺዓለም።

«ለማን?»

ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ባንቺዓለም ደጁን አየች፤ ሴቶቹ በግቢው እየተሳሳቁ ነው።

«የኔ ልጅ ይማም ባለፈው ሳምንት ለውትድርና ተመዝግቧል» አሉ እትዬ ራዲያ ኮፍያውን እያጣጠፉ። «ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብርድ አይችልም። ሲመታው መግል ይቋጥራል።»

«እንግዲያስ የእርስዎን ጠበቅ አድርገው ይሥሩለት» አለች ባንቺዓለም ተጣድፋ። «ክር ልጨምርልዎት። ለማንም አልናገርም።»

እትዬ ራዲያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ የሚል አልነበረም።

«አይ ልጄ! የኔን ኮፍያ ማን እንደሚያደርገው በምን አውቄ? ሁሉም አንድ ጆንያ ነው የሚገባው። የኔን የቄስ ልጅ ያደርገዋል፤ የኔ ልጅ ደግሞ ያንች እጅ የሠራውን ያደርጋል። ለልጄ ላጥብቅ ብል የሁሉንም ማጥበቅ ሊኖርብኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ባንች እጅ ነው ያለ።»

ይህን ብለው ወጡ። ባንቺዓለም ባዶው ክፍል ውስጥ አፈረች፤ ሃፍረቷ ከፍርሃቷ በለጠ። ኮፍያ ስትቆጥር ኖራ ስለ ጆሮ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም ነበር። የሷ አርባዎቹ ሄደዋል፤ የትኛው ልጅ እንዳደረጋቸው፣ የትኛው ተራራ ላይ እንዳለ አታውቅም፤ ሮጣ አትመልሳቸው ነገር።

ሴቶቹ ተመልሰው ሲቀመጡ ተነሥታ ቆመች።

«እህቶቼ፣ የሠራችሁትን ፍቱት። በአጭሩ ዓይን እንደ ድሮው ሃያ አራት ዙር ሥሩት። ተሳስቼ ነው ያስተማርኋችሁ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ሰብለ ወንጌል ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት፤ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥግ አቆመቻት።

«አበድሽ? ክሩ እኮ የሰማንያ ነው! የሃያ ልጅ ኮፍያ ከየት ሊመጣ ነው?»

«ቁጠባ የሚባል አልነበረም፣ ጓድ ሰብለ። ኮፍያውን አሳስቼ ክሩን ስወስድ ነው የደረሱብኝ። ደንግጬ ዋሸሁ።»

ሰብለ ወንጌል ክንዷን ለቀቀቻት።

«ምን ያህል ወሰድሽ?»

«ስምንት ጥቅል። ሦስቱን እርስዎ አይተውታል።»

«አምስቱንስ ምን አደረግሽው?»

«አህያ።»

«ምን?»

«የልጆች መጫወቻ ነው። አህያና በግ፣ አሻንጉሊትም አለበት።»

ሰብለ ወንጌል ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ እንደሆነ አይለይም ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሪፖርቱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት፤ በዚያ ፊርማ ምክንያትም በመጪው ወር አምበርና የጥኖራ በሚባሉት ከተሞች ያሉ ሴቶች ይህንኑ አሠራር ሊማሩ ቀጠሮ ተይዟል። ግድግዳውን ተደግፋ አሰበች። ከዚያ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ስሚኝ። ቢቸና መጋዘን ካለው ክር ሃያ ጥቅል ብል በላው ብለን እንጻፍ። ይተኩልናል። ሞጣዎች ጥሩውን ኮፍያ ይሠራሉ። ያንችን አሠራር ደግሞ ቀስ ብለን እናስረሳዋለን።»

ባንቺዓለም በረጅሙ ተነፈሰች። ልጆቹ ኮፍያ ያገኛሉ፤ እሷም ከልጇ አትለይም። ሰብለ ወንጌል መጻፍ ጀመረች፤ ሁለት መስመር ሄደች።

«ብል በላው ከተባለ ንብረት ክፍሉን አይጠይቁም?» አለች ባንቺዓለም።

«መጠየቁን ይጠይቃሉ።»

«ንብረት ክፍሉ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለች ሰብለ ወንጌል፤ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም።

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ክር ሲያድሉ «ዓይኔ ደክሟል፤ እናንተው ቆጥራችሁ ውሰዱ» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድም ቀን የማንንም ጥቅል ደግመው ቆጥረው አያውቁም። ሃያ ጥቅል ጠፋ ቢባል የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ባንቺዓለም እጇን ዘረጋች።

«እስክርቢቶውን ይስጡኝ።»

«አስቢበት እንጂ። ልጅ አለሽ።»

«አለችኝ። እርስዎ ምንም አያውቁም ነበር፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።»

ሰብለ ወንጌል እስክርቢቶውን ለመስጠት ዘገየች፤ ኋላ ግን ሰጠቻት። የተጻፈውን ገጽ ራሷ ቀደደችና ጨብጣ ያዘችው። ባንቺዓለም በአዲሱ ገጽ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል፣ ኮፍያውን እንዴት እንዳሳሳች፣ ክሩን ምን እንዳደረገችው፣ ለሞጣም ሃያ ጥቅል እንደሚጎድል ጻፈች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከግርጌው «ባንቺዓለም» ብላ ጨረሰችና እስክርቢቶውን ልትመልስ እጇን ዘረጋች።

ከዚያ መልሳ ሳበችው። ቢቸና ውስጥ ሌላ ባንቺዓለም ነበረች፤ እሷም የማኅበሩ አባል ናት፤ እሷም ኮፍያ ትሠራለች። የአባቷን ስም «ደምለው» ብላ ጨመረችበት።