ሰባት ክኒን በእሁድ

በስፌት ፋብሪካው ሴቶቹ የሚጠሩት በሚሰፉት ነው። ኪስ የምትሰፋው ኪስ ትባላለች፣ ቁልፍ የምትተክለው ቁልፍ፣ እጅጌ የምትገጥመው እጅጌ። እናትና አባት ያወጡትን ስም ከደመወዝ ቀን በቀር የሚያነሳው የለም። ኮሌታም አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ነበረች። ሸሚዝ የሚያምረው በኮሌታው ነው፤ ጫፉ አንዲት ክር ያህል ከተዛባ የለበሰው ሰው አንገቱ የዞረ ይመስላል። ስለዚህ ያቺ ወንበር ለማንም አትሰጥም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጇን ያቆመቻቸው ያቺው ወንበር ናት። ከወንበሯ የተነሳች ሴት የት እንደምትደርስም አይታለች፤ መጀመሪያ ካለቀ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር ወደሚለቀምበት ክር ለቀማ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ።

የደም ግፊት አለብሽ የተባለችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሙ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነበር። ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘላትና፣ "በየቀኑ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ይውሰዱ፣ እንዳያቋርጡ። ሽንት ትንሽ ሊያበዛብዎት ይችላል" አላት። ሽንት ሲል አንገቷን ደፋች። ልጇ ሊሆን ከሚችል ወንድ ጋር ስለ ሽንት ልታወራ ነው? እሺ ብላ ወጣች።

ፋብሪካው ውስጥ ግን ሽንት ቤት የሚኬደው በታርጋ ነው። ለሠላሳ ሴት አንዲት የእንጨት ቁራጭ አለች፣ በአለቃው ጠረጴዛ ጎን ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች። ታርጋ የሌለው መኪና አይንቀሳቀስም እያሉ ስሙን ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው። አንዷ ይዛት ከወጣች ሌላዋ ጭኗን ገጥማ ትጠብቃለች። የኮሌታ ወንበር ባዶ ሲሆን ደግሞ ሸሚዙ እዚያው ይከመራል፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው እጅጌ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች።

ክኒኑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ገና ምሳ ሳይደርስ አራት ጊዜ ተነሳች።

"ምነው ኮሌታ፣ ቧንቧሽ ፈነዳ እንዴ?" አለች ኪስ፣ ድምጿን ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት በላይ አውጥታ። መስመሩ በሙሉ በሳቅ አውካካ።

"የራስሽን ቧንቧ ጠብቂ" አለች ኮሌታ።

አለቃውም አላለፋትም። "እትዬ፣ ስፌት መኪናዎን እዚያው ሽንት ቤት ላስገባልዎት?" አለ። ይህን ሲል ስቆ ነበር። ማታ ሲወጡ ግን ጠጋ ብሎ ሳይስቅ ተናገረ። "እንዲህ የሚቀጥል ከሆነ ኮሌታውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። አይቀየሙኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ቀን ክኒን አልዋጠችም።

አልዋጠችም ማለት ግን ተወችው ማለት አይደለም፤ ሞኝ አይደለችም። ፋብሪካው ውስጥ የጎደለ ሥራ ይካሳል። ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሃምሳ ሸሚዝ ቢጎድል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቆይተው ይሞሉታል፣ አለቀ። ሸሚዙን መቼ ሰፋችሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮሌታ ክኒኑንም በዚሁ ዓይን አየችው። ስድስት ቀን ያልተዋጠው እሁድ ከተዋጠ ምኑ ይጎድላል? ሰባቱን ቆጥራ መዳፏ ላይ አደረገችና በሁለት ብርጭቆ ውሃ አወረደቻቸው። ኩራትም ተሰማት። አንዲት ሳታጎድል ወሰደች፣ ወንበሯም አልተነካ።

እሁድ የማረፊያ ቀኗ መሆኑ ቀረ። ከጠዋት እስከ ቀትር በሽንት ቤቱና በአልጋዋ መካከል ስትመላለስ ትውላለች። ከሰዓት በኋላ አፏ እንደ ጨርቅ ይደርቃል፣ ባቷ ቋጠሮ እየሠራ ያስጮኻታል፣ ብድግ ስትል ቤቱ ይዞርባታል። ግድግዳ ይዛ ትቆምና እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

"እማዬ፣ እሁድ እሁድ ምንድን ነው የሚነሳብሽ?" ትላታለች ልጇ።

"የሳምንት ድካም ነው። ሂጂ አጥኚ።"

"ለሐኪሙ ንገሪው።"

"እነግረዋለሁ አልኩሽ!"

አትነግረውም። ፋብሪካው ለሕክምና የሚፈቅደው ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። ከእሁድ ማግስት ነው እንግዲህ። ሐኪሙ ክንዷን ያስርና ቁጥሩን አይቶ ፊቱ ይበራል። "መቶ ሠላሳ በሰማንያ! ጎበዝ እናት። ሁሉም በሽተኛ እንደ እርስዎ ቢሆንልኝ።" ኮሌታ ትምህርት ያቋረጠችው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ጎበዝ ያላት መምህር አልነበረም። ያቺን "ጎበዝ" ይዛ ወደ ፋብሪካ ስትመለስ እግሯ መሬት አይነካም። ቁልፍ ሳሏን ደብቃ ስትሠራ ባየቻት ጊዜ እንኳ የገሠጸቻት እሷ ናት። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እቴ! እኔን አታይኝም?"

እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት ሄደ።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ኮሌታ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያየች መሰላት። የዘይት ጠብታ መስሏት በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። አልለቅ አለ። ሌላ ሸሚዝ አመጣች፣ እሱም ላይ አለ። መብራቱ ነው ብላ መካኒኩን ጠራችው።

"አምፖሉ ደህና ነው፣ እትዬ" አላት አገላብጦ አይቶ።

"ዓይንህን ተመርመር እንግዲህ። ጨልሟል እያልኩህ!"

አምፖሉን ቀየረላት። ጨለማው አልተቀየረም። ሰፋች እንጂ አልተነሳችም። የግራው ዓይኗ በግማሽ እንደ ወረደ መጋረጃ ሲጋረድባት፣ በእጇ ዳሰሳ እየለካች ሰፋች። ሥራ ሊያበቃ ሲል ስምንት ኮሌታ ተዛብቷል ተብሎ ተመለሰባት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ተመልሶባት አያውቅም። ኪስ ስምንቱን አየች፣ የኮሌታን ፊት አየች፣ ቀልዷን ዋጠችው። እጇን ይዛ ወደ ፋብሪካው ነርስ ወሰደቻት።

ነርሷ ለካች። እንደገና ለካች። "ሁለት መቶ አሥራ አምስት በመቶ ሃያ።"

"መሣሪያሽ ተበላሽቷል" አለች ኮሌታ። "ሰኞ መቶ ሠላሳ ነበርኩ።"

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ የዓይን ሐኪሟ በመብራት ስታያት ቆየች። ከዓይኗ ጀርባ ያለው የደም ሥር ግፊቱን መቻል አቅቶት ደም አፍስሷል። የፈሰሰውን ለማድረቅ እንሞክራለን፣ የጠፋውን ዕይታ ግን እመልሳለሁ ብዬ አልዋሽዎትም አለቻት። ቀኝ ዓይኗንም እንድትጠብቅ አስጠነቀቀቻት፤ ግፊቱ ካልወረደ ያም ይከተላል።

ከዚያ ወደ ወጣቱ ሐኪም ወረዱ። አራት ዓመት የጻፈውን መዝገብ ገልጦ ግራ ገብቶት ተቀመጠ።

"እናቴ፣ አይገባኝም። ሁሉም ሰኞ ጥሩ ነው። ክኒኑን እየወሰዱ ነው?"

"አንዲት አላጎደልኩም።"

"በየቀኑ?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ልትል ነበር። ልጇ ግን ጉልበቷን ያዘቻት። ኮሌታ ወለሉን እያየች ሁሉንም ተናገረች። ታርጋዋን፣ ኪስን፣ አለቃውን፣ እሁድን፣ ሰባቱን።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሰባቱን ባንድ ጊዜ? እናቴ፣ በዚያው ሊቀሩ ይችሉ ነበር እኮ። ክኒን አይካስም። እሁድ የዋጡት የሐሙስን ግፊት አያወርድም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ሽንት የማያበዛ ክኒን አለ። አስቸገረኝ ቢሉኝ ያኔውኑ እቀይርልዎት ነበር።"

"አልጠየቅኸኝም።"

"አልነገሩኝም።"

ሁለቱም እውነት ነበር፤ ሁለቱም አልጠቀመም። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ አዲሱን ጻፈ። "ይሄኛው እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ካበጠ ሰኞን አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይንገሩኝ።" ጎበዝ አላላትም።

ኮሪደሩ ላይ ልጇ ቆመች። "ለእሱ ብታፍሪ እሺ። ለእኔስ? ሴት ልጅሽ አይደለሁም?"

ኮሌታ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መውጫው ተራመደች። ቤት ውስጥ ከዚህ በቀር ሌላው ነገር ሁሉ ይወራ ነበር።

ወንበሩን ለእጅጌ ሰጧት። ኪስ ልትጠይቃት መጥታ ይህን ስትነግራት አለቀሰች፤ ኮሌታ አላለቀሰችም። በቀራት አንድ ዓይን ቤት ውስጥ መርፌና ክር ሞክራ ነበርና ከማንም በፊት አውቃዋለች። ክሩ ቀዳዳው ጋ የደረሰ ይመስላታል፣ ግን ወይ ከፊቱ ነው ወይ ከኋላው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክር ለቀማ እንድትገባ ተነግሯታል።

አዲሱን ክኒን በጀመረች ቀን ጠዋት አንዱን ዋጠችና በርጩማዋን ወደ ቤታቸው ሽንት ቤት በር አስጠግታ ተቀመጠች። ልማድ ሆኖባት ነው። አንድ ሰዓት ጠበቀች። ምንም የለም። ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ ደረሰ። አንድ ጊዜ ተነሳች፣ እሱም ማንም ሰው እንደሚነሳው። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ባቷ አልተኮማተረም፣ ቤቱ አልዞረባትም። አራት ዓመት የፈራችው ቀን በፊቷ በሰላም አለፈ፣ እንደማንኛውም የሥራ ቀን።

ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን እዚያው በሩ ጋ አገኘቻት።

"እማዬ፣ አስቸገረሽ?"

"ምንም" አለች። "ምንም አላስቸገረኝም።"

ያኔ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ልጇ ብትለምናትም እስኪመሽ አልገለጠችውም።