ጀባ የተባለ ሸራ

ሞሐሙድ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ሰልባጅ ይሸጣል። ያን ቀን ግን ጫት ወደሚቃምበት በርጫ ሲገባ ትከሻው ላይ የተነቀለ በር የመሰለ ነጭ ሰሌዳ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ሸራ ይዞ ነበር። ሰሌዳውን ተማም እግር ሥር አጋደመና፣

“ጀባ!” አለ።

ድሬ ላይ ጀባ የተባለ አይመለስም። አንዲት የጫት ቀንበጥም ብትሆን፣ “እንካ፣ ያንተ ነው” ከተባልክ ትቀበላለህ፤ ሌላ ወግ የለውም።

“ምንድነው?” አለ ተማም፣ ምን እንደሆነ አሳምሮ እያወቀ።

“ፕላንሽ ነዋ! ከጅቡቲ ነው ያስመጣነው። ያገለገለ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። እኔ፣ ጦልሃና ጋሽ በዛብህ ነን። ሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ ሞልቷል፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ሙያህ እየዛገ ነው።”

ተማም ቬንትሌተር ጠጋኝ ነው። እጁ ላይ ያለው ነፋስ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ነው። በርጫ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር፦ ጅቡቲ በሠራባቸው ዓመታት፣ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ባሕር ላይ በነፋስ መሄድን ለፈረንጆች ያስተማረ ሰው። “ፈረንጁ ይወድቃል፣ እኔ አነሳዋለሁ” ይል ነበር። በዚህ ወሬ ነው ከጫማው አጠገብ፣ ከበሩ ሥር ተነስቶ ትራስና ግድግዳ ያለው የክብር ቦታ ላይ የደረሰው። ቤት ውስጥ ሚስቱ ትናገራለች፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛው ይናገራል፤ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማው እዚያች ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ብቻ ነው።

“አላህ ይስጥልኝ” አለ። ጫቱ አፉ ውስጥ ገለባ ሆነበት።

“እሑድ!” አለ ጦልሃ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ። “መኪናውን ከሥራ አወጣዋለሁ።”

ሚስቱ ዳሃቦ ሸራውን ግቢ ውስጥ ዘርግታ ስታየው መሃሉ ላይ የፍየል ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አገኘች። ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ውላ ነው የመጣችው፤ ድካሟ ዓይኗ ላይ ነበር።

“ተማም።”

“አቤት።”

“ጅቡቲ ሆነህ ስትደውልልኝ፣ ‘የፈረንጆቹን ፕላንሽ ከጨው ሳጥብ እጄ ተላጠ’ ነበር የምትለኝ። መንዳቱን መቼ ነው የተማርከው?”

ተማም ሸራውን አገላበጠ።

“በርጫ ላይ ያወራኸውን እኔ ምንም አልሰማሁም” አለች ዳሃቦና መርፌ አመጣች። ቀዳዳውን በአሮጌ ሽቲዋ ጣፈችው፤ ቀይ አበባ ያለበት፣ ቤት ውስጥ የምትለብሰው ስስ ቀሚስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገመድ ላይ ሲደርቅ ያላየው የለም። ከዚያ አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አነሳች።

“ይሄ ደግሞ ለምንድነው?”

“ጀርባህ ላይ ይታሰራል። ሰው ይስቃል ብለህ እንዳትፈታው። ሳቅ አይገድልም።”

እሑድ ጠዋት የደንገጎን ዳገት ወጡ። ከላይ ብርድ ነበረ፤ ተማም ሲንቀጠቀጥ ሌሎቹ በብርዱ አሳበቡለት። ተማም ሐይቁ ትንሽ ይሆናል ብሎ ነበር ያሰበው፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ትንሽ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያውቅ ነበር፤ መገጣጠም። ምሰሶውን አስገባ፣ ሸራውን ወጠረ፣ ዙሪያውን የሚከበውንና በእጅ የሚያዘውን ብረት ቆለፈ፣ የምሰሶውን እግር ሰሌዳው ላይ አጣብቆ አዞረ። አጣቢ የነበረ ሰው ይህን ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም ነው የሚውለው። ጋሽ በዛብህ ዓይኑ ተከፈተ።

“እጁን እየው! ባለሙያ ባለሙያ ነው።”

“ጀሪካኑስ?” አለ ሞሐሙድ።

“ለሚዛን ነው” አለ ተማም።

“ይቺ ሽቲ የዳሃቦ አይደለችም እንዴ?”

“አቦ ተወው፣ እሷም ለሚዛን ናት” አለ ጦልሃ።

ተማም ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሰሌዳው ከሥሩ ሄደ። እንደገና ወጣ። ሸራውን ከውኃ የሚያነሳውን ገመድ ሲስብ ሸራው ግማሽ ሐይቅ ተሸክሞ ነበር፤ ብድግ ሲል በጀርባው ወደቀ፣ ጀሪካኑ ብቻ ላይ ቀረ። ዳር ላይ ካሮት የሚያጥቡ ሴቶች ማጠባቸውን አቆሙ።

“እያሟሟቀ ነው!” ሲል ሰማ ጋሽ በዛብህን።

ይህች ቃል ከውኃው በላይ በረደችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ፈረንጆቹ ሲጀምሩ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ፦ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ክንድ ዘርጋ፣ ገመዱን በእጅ ሳይሆን በክብደት። ሳበ። ሸራው ወጣ። የእጅ ብረቱን ጨበጠና ወደ ደረቱ ጎተተው።

ሰሌዳው ሄደ።

ከኋላው ጩኸት ተነሳ። “ሄደ! ወላሂ ሄደ!” ተማም ማቆም ፈለገ። መዞር ፈለገ። ከሰሌዳው ሥር አቅጣጫ የሚይዘው ክንፍ ግማሹ ተሰብሮ የመጣ ነው፤ ባይሰበርም ተማም መዞር አያውቅም። ነፋሱ ወዳሰበው ቦታ፣ የዳሃቦን አበባ ነፍቶ፣ ቀጥ አድርጎ ወሰደው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ፣ ሸራው እጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥና ውኃው ከእግሩ ሥር ሲንሾካሾክ፣ ደስ አለው። ከዚያ ጭቃ መጣና በአፍንጫው ደፋው።

ከማዶ ውኃ በፓምፕ የሚስብ ገበሬ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

“ኤሳ ዱፍቴ?” ከየት መጣህ?

“ከድሬዳዋ” አለ ተማም ጭቃውን እየተፋ።

ገበሬው ሐይቁን አየ፣ ሽቲዋን አየ፣ ጀሪካኑን አየ።

“መኪና ጠፍቶ ነው?” አለው በአማርኛ።

ሚኒባሱ ሐይቁን ዞሮ እስኪመጣ ተማም ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሌላ ውሸት ፈለገ፤ አላገኘም። ጦልሃ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የዘለለው።

“አቦ ተማም! ቀጥ ብለህ! አንዴ እንኳ ዞር አላልክም!”

“መዞር ስለማልችል ነው።”

“እንዴት?”

“አላስተማርኩም። ነድቼም አላውቅም። አጣቢ ነበርኩ፤ ከባሕር ስትመለሱ አጥብ፣ ስትገቡ እገጥም ነበር።” ጓደኞቹን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ “እናንተ” ማለቱን ራሱም ልብ አላለም።

ጋሽ በዛብህ፣ “ይሄን አናውቅም መሰለህ?” አለ። “የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ድልድዩን ፈርተህ ከማዶ የምታድር ሰው ነህ።”

“ታዲያ ለምን ገዛችሁልኝ?”

“ስታወራው ደስ ይልሃላ” አለ ሞሐሙድ። “ስንት ዓመት አጥበኸው፣ አንዴ ብትሳፈርበት ብለን። ሄድክ አይደል? ዝም ብለህ ‘ሄድኩ’ ብትል ምን ነበረበት? አሁን ይሄን መናገር ምን አመጣው?”

ተማም ያኔ ገባው። በርጫ ላይ የተወራ አይጣራም። ጋሽ በዛብህ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር፤ በርጫ ላይ ግን ጎርፍ የመጣበትን ባቡር ያለ ፍሬን አቁሟል። ጦልሃ ለትልቅ የኳስ ቡድን ተጫውቷል። ሞሐሙድ ሞቃዲሾ ውስጥ ሆቴል ነበረው። ማንም “እውነት?” ብሎ አያውቅም። አሁን እሱ የራሱን ሲያፈርስ ግድግዳው የጋራ ነበር።

ደንገጎን ሲወርዱ፣ ቁልቁለቱ መሃል ጋሽ በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እኔም ያን ባቡር...”

“ዝም በል ጋሼ!” አለ ሞሐሙድ። “ለዛሬ አንድ ይበቃናል።”

ከዚያ በኋላ በነበረው በርጫ ተማም ከበሩ ሥር፣ ከጫማዎቹ ጋር ተቀመጠ። ትራሱ ብቻውን ግድግዳውን ተደግፎ ዋለ። ሁሉም ስለ ሙቀቱ ተናገረ፣ የሙቀቱም ወሬ አለቀ። ተማም ምንጣፉን ያያል። ሰው ስላፈረበት አይደለም፤ ሰው በእሱ ምክንያት በራሱ ማፈሩ ነው ያንገበገበው።

ጋሽ በዛብህ አንዲት ቀንበጥ መረጠና ቤቱን አቋርጦ እጁን ዘረጋ።

“ጀባ።”

ተማም ተቀበለ።

“እስቲ ንገረን” አለ ሽማግሌው። “ሐይቁን ስታቋርጥ ማዕበሉ ምን ያህል ነበር?”

ሐይቁ ያን ቀን እንደ ትሪ ለጥ ያለ ነበር። ሁሉም እዚያ ነበሩ። ሁሉም አዩት፤ አሁንም እሱን እያዩ ነው፤ ጦልሃ ማላመጡን አቁሟል። ተማም ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀና ማለት አቃተው።

“ያ...” አለ ምንጣፉን እያየ፣ “ያ አንተ ያቆምከውን ባቡር ያህላል።”

ጋሽ በዛብህ በረጅሙ ተነፈሰ።

“እሱማ ትልቅ ነው” አለና ትራሱን ጠጋ አደረገለት።