በሞቴ ቅደሚ

እኔ ቦቅቧቃ ነኝ። ይህን የምለው በትሕትና አይደለም፤ ሙያዬም ነው። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ፣ ሰው ከምን ላይ እንዴት እንደወደቀ እያነበብኩ ነው ደመወዝ የምበላው። አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጥቶ የወደቀ አውቃለሁ። ከአልጋው የወደቀ አውቃለሁ። ዝም ብሎ በቆመበት የወደቀም አለ። ስለዚህ ጓደኛዬ ሳምራ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን፣ የስፕሪሷን አቮካዶ በማንኪያ እየቆፈረች፣ «ጦቢያ፣ ኡጋንዳ ሄደን ከማማ ላይ እንዘላለን» ስትለኝ፣ መጀመሪያ የታየኝ የእኔን ፋይል የሚከፍተው ባልደረባዬ ነው።

«እግራችንን በገመድ አስረው ወደ ነጭ ዓባይ ይለቁናል» አለች። «ባንጂ ይባላል።»

«ዓባይ ውስጥ ለመግባት ፓስፖርት ምን ያደርጋል? ባሕር ዳር የለም እንዴ?»

«የባሕር ዳሩ ገመድ የለውማ!»

ሳምራና እኔ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ግቢው ፈርሶ እነሱ ወደ ኦሎምፒያ፣ እኛ ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ብንበታተንም አልተላቀቅንም። እሷ ደፋር ናት፤ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ትከራከራለች፣ ጎረምሳ ታስደነግጣለች። የምንመሳሰለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለታችንም ቀድመን አንገባም። እናቶቻችን «ቅደሚ በያት» እያሉ ስላሳደጉን፣ በር ላይ ከደረስን አለቀልን። አንዴ ለገሃር ታክሲ በር ላይ «ግቢ»፣ «ኧረ አንቺ ግቢ» ስንባባል፣ ከኋላችን የነበረው ሰልፈኛ በመሀላችን ገብቶ ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተስማሙና በሚቀጥለው ኑ» ብሎናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሳምራ ኬክ ትሠራለች። ኬኳን ለመብላት ብለው ብቻ ልደት የሚያከብሩ ሰዎች አውቃለሁ። ጋሽ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ኦሎምፒያ ላይ አንድ ጥሩ ሱቅ ሊያከራዩን ፈቅደው፣ ኬክ ቤት ልንከፍት ነበር፤ እሷ የእናቷን የጨርቅ ሱቅ ትታ፣ እኔ ካሳ ክፍሉን ትቼ። «ነበር» ያልኩት እኔ ዓመት ሙሉ «ላስብበት» ስል ስለከረምኩ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ወልደአማኑኤል ትዕግሥታቸው አልቆ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ካልነገራችሁኝ ለሞባይል ሻጭ እሰጠዋለሁ አሉ።

«በቃ፣ እዚያ ከዘለልሽ እዚህም ትዘልያለሽ» አለችኝ ሳምራ። «ካልዘለልሽ ደግሞ፣ ማለቴ... እንተወው። ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

ኬክ ቤቱን ግን ከልቤ እፈልገው ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ የሰው ስብራት እያነበብኩ፣ በሐሳቤ መደርደሪያውን ምን ቀለም እንደምቀባው እመርጥ ነበር። ለዚህ ነው እሺ ያልኩት።

ለእናቷ ለእትዬ አዚዛ እውነቱን ለመንገር ደፋሯ ሳምራም አልደፈረችም። «ለሥልጠና ነው» አለቻቸው። እትዬ አዚዛ ቆሎ ቋጥረው ሰጡንና እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ «አላህ ከፍ ከፍ ያድርጋችሁ! ከፍ ካለው ቦታ ያውላችሁ!» ሳምራ ወደ እኔ ሳታይ አሜን አለች። እኔም አሜን አልኩ፤ ምርቃት አይመለስም።

ጂንጃ የምትባለው ከተማ ደርሰን ወንዙ አጠገብ ስንወርድ፣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆሙን። ክብደታችንን ጮክ ብለው ከተናገሩ በኋላ በእስክርቢቶ እጃችን ላይ ጻፉት። እኔ ለእናቴም ያልነገርኩትን ቁጥር! ከዚያ ማማውን ወጣን፣ ወጣን፣ ወጣን። ከታች ዓባይ ተኝቷል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ዛሬ ግንዶቹ በገዛ እግራቸው መጡለት።

«የእማዬ ምርቃት ደረሰ» አለች ሳምራ ወደ ታች እያየች። ፊቷ ያልተጋገረ ሊጥ መስሏል።

ገመድ የሚያስረው ሰው ኦኬሎ ይባላል፤ ግዙፍና ሳቂታ ነው። «ማን ይቀድማል?» አለን በእንግሊዝኛ። ይህ ጥያቄ ለእኛ መቅረብ አልነበረበትም።

«ሳምራዬ፣ ቅደሚ» አልኩ።

«ውይ፣ አንቺ እያለሽ? ቅደሚ።»

«ሐሳቡ ያንቺ አይደል? ነውር ነው።»

«በሞቴ ጦቢያ፣ ቅደሚ!»

«እኔ ልሙት አልቀድምሽም!»

«አፈር ስሆን!»

ኦኬሎ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ሲያይ ቆይቶ፣ ምን እየተባባላችሁ ነው አለ። ሳምራ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ ፍርሃት ሲጨመርበት ግን ቃል በቃል ይሆናል። «እኔ በሞቴ አልኳት፤ እሷ ልሙት አለች፤ ከዚያ እኔ አፈር ልሆን ነው» ብላ አስረዳችው።

የሰውየው ሳቅ በአንዴ ጠፋ። «ወደ ኋላ! ሁለታችሁም ወደ ኋላ! እዚህ ላይ ሆኖ ስለ መሞት ያወራ ሰው አይዘልም፤ ይወርዳል። ሕጋችን ነው!» አለና እጃችንን ይዞ፣ ጠብ እንደያዙ ሕፃናት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠን።

«ወንድሜ፣ ይህ እኮ ሰው ምግብ ስንጋብዝ የምንለው ነው!» አልኩት።

«ምግብ?»

«አዎ። እንግዳው ጠገብኩ ሲል፣ በሞቴ ብላ እንለዋለን።»

ኦኬሎ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ይበላል?»

«ምን ያደርጋል? ይበላል።»

ራሱን እየነቀነቀ ለባልደረቦቹ ሊነግር ወረደ። ከደረጃው ሥር የሳቅ ድምፅ ሰማን። ሳምራም ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ።

«ጦቢ፣ እኔ አልችልም» አለች። «ሱቁንም አልችልም። አንቺ ላስብበት ባልሽ ቁጥር ከላይ እቆጣሻለሁ፣ ውስጤ ግን እፎይ ይላል። እማዬን ጥዬ ወጥቼ ኬኩ ባይሸጥልኝስ? በቃ፣ አንቺ ስለፈራሽልኝ ነው እኔ ደፋር ሆኜ የኖርኩት።»

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በጣም ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም የኖርኩት ለካ ለሁለት ሰው እየፈራሁ ነው! ከንዴቱ ሥር ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ብቅ አለ። የካዛንቺስ ደፋር እንዲህ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ እኔ ከሰው የተለየሁ ፈሪ አይደለሁም ማለት ነው። ድንገት ቅልል አለኝ።

«በሞቴ ብለሽኛል አይደል?» አልኳትና ተነሣሁ። «በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ኦኬሎ! እኔ እቀድማለሁ!»

ኦኬሎ እግሬን በፎጣ ጠቅልሎ ገመዱን አሰረ። ሳምራ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«ገመዱ ይይዛታል፤ አንቺ ልቀቂያት» አላት።

«እየፈተሽኩት ነው» አለች።

እንዴት እንደዘለልኩ አላስታውስም፤ ቪዲዮው ግን አለ። ቪዲዮው ላይ እጇን ዘርግታ የቆመች ሴት ድንገት ትጠፋለች፤ ከዚያ ከታች «ቆይ ላስብበትትትት!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሆዴ ማማው ላይ ቀርቶ እኔ ብቻዬን ወረድኩ። ውኃው መጣ፣ መጣ፣ ፀጉሬን ነካኝ፤ ከዚያ ሰማዩ መጣ፤ ከዚያ እንደገና ውኃው። ልብስ ማስጫ ላይ እንደተረሳ ካልሲ ተዘቅዝቄ ስወዛወዝ፣ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጀልባዋ ላይ አውርደው ካስቀመጡኝ በኋላ ቀና ብዬ ጠበቅኩ። ማማው ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም አልታየም። ኋላ ግን አንድ ነገር ከላይ ተወረወረና ሸለቆው ሙሉ «እማዬ፣ ሥልጠናው ውሸቴን ነውውውው!» አለ።

ስንሰናበት ኦኬሎ ማማው ጫፍ ላይ አንድ የፈራ ፈረንጅ ይዞ ቆሟል። ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «በሞቴ!» ሲለው ሰማን።

በተመለስን ማግስት ኦሎምፒያ ሄድን። የሥራ መልቀቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ፎቅ ላይ ባለው ቢሯቸው የኪራይ ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እስክርቢቶውን አቀረቡልን።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ» አልን እኩል።

«ኧረ እናንተ! እንግዳ እያለ?»

«ታላቅ ቁጭ ብሎ እኛ? አይሆንም።»

«በሞቴ!» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

«ጋሼ፣ እንደሱ ካሉ እኮ ያወርዱናል!» አለች ሳምራ፣ ሳቋ አፍኗት። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ ደረጃው ተመለከቱ። እኔም ጎኔን ይዤ ሳቅኩ።

ሳቁ አለቀ። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ጎተራ፣ ጎተራ!» ይጣራሉ። እስክርቢቶውን አነሣሁ። ወረቀቱን ጎንበስ ብዬ ሳየው ማማው ጫፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«እዚህ ገመድ የለም» አልኳት በሹክሹክታ።

ሳምራ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለችና፣ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ፈረምኩ።