ቀን ያልተጻፈበት ውል

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቶ ውልና አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ነገር ሲጽፍ ኖሯል። ውል ሊያስጽፉ መጥተው እርስ በርስ የሚተፋፈሩ ሲያጋጥሙት፣ «ቀኑንም ቅጣቱንም ጻፉት፤ ይሉኝታ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርም» ይላቸዋል። አባባሉ ከመጣፈጡ የተነሳ ጠበቆቹ ሳይቀሩ ይሰርቁት ነበር።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ግን ለእሱ ሆነ።

ሚስቱ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የቤታቸውን አሥራ ዘጠኝ ደረጃ መውረድ አልቻለችም። ከሆስፒታል ስትመለስ አራት ሰው በወንበር ተሸክሞ ፎቅ አወጣት፤ በዚያው ቀረች። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ቤት መኝታ ክፍል እንዲሆንላት፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ በር እንዲወጣለት፣ እሷም እንደ ሰው ደጅ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን እንድታይ።

ሥራው ለእህቷ ልጅ ተሰጠ። እናቱ ከሞተችበት ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። በልጅነቱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በክር እየለካ ቢያስቸግራት «ሜትሮ» አለችው፤ አድጎ ኮንትራክተር ሲሆንም ስሙ አልለቀቀውም። ውሉ የተጻፈ ዕለት፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን ከሚገባበት ቦታ ሲደርስ የጸሐፊው ጣቶች ቆሙ። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ለገዛ ልጅ ደግሞ ቀንና ቅጣት ይጻፍበታል?» አለች።

ዘለለው። ቤቱ በስሟ ነውና እሷ ፈረመች። ሜትሮም እየሳቀ ፈረመ።

መጣ፤ ለበር የሚሆነውን ግድግዳ አፈረሰ፣ ሦስት ረድፍ ብሎኬት ደረደረ፣ ከዚያ እንደ ጉም በነነ። በክፍተቱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ በነፋስ ሲማታ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ሚስቱ «ምነው ልጁ?» ባለች ቁጥር ጸሐፊው «አሞት ተኝቷል» ይላታል።

በሰባተኛው ሳምንት ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ሜትሮ አዲስ ሕንጻ ወደሚያሠራበት ሄደ። ሜትሮ ከቀይ ፒክአፑ አጠገብ ቆሞ አሸዋ ያስራግፋል።

«ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ያንተ እግር ቢጠፋ ነዋ።»

«ይኸው እንደሚያዩት ነው። የእናንተን ሥራ እኔ መጨረስ አልችልም፤ ተውኩት። ማንም ግንበኛ ይጨርሰዋል።»

«ፈርመሃል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። መቼ አደርሳለሁ ብዬ ፈረምኩ? እርስዎ አይደሉ የጻፉት?» አለና ለአሸዋው መኪና ሾፌር ወደ ኋላ እንዲል በእጁ ጠቆመው።

ጸሐፊው ዞሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ጧት ከዣንጥላው ፊት ለፊት ቢሮ ያላት ጠበቃ ዘንድ ገባ። ውሉን አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«አባባ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔው ነኝ። እንደማንም ባለጉዳይ ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ሦስት መንገድ አለ። እንደ ውሉ እንዲሠራ ፍርድ ቤቱ ያስገድደው ማለት። በሌላ ባለሙያ እንዲያሠሩ አስፈቅደው ወጪውን በእሱ ላይ ማድረግ። ወይ ውሉን አፍርሶ ኪሳራ መጠየቅ። ውሉ ቀን ስለሌለው ግን መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው፤ ይህን ያህል ቀን ሰጥቼሃለሁ የሚል። ግድግዳውንም ባለሙያ አይቶ ሳይመዘግበው እንዳይነኩት።»

ሁሉንም ያውቀዋል። ለስንቱ በጣቱ እየቆጠረ ነግሯል። ከሰው አፍ ሲሰማው ግን እንደ ሐኪም ቃል ከበደው።

«የሚፈርሙት ደግሞ ባለቤትዎ ናቸው» አለች፤ «ተዋዋይዋ እሳቸው ናቸው።»

እዚያው ዣንጥላው ሥር ጻፈው፤ «ለአቶ» ብሎ ጀምሮ፣ አሥራ አምስት ቀን ሰጥቶ። ደረጃውን በየመሐሉ እያረፈ ወጣ። ከዚያ ልጅ ሌላ ልጅ የላትም፤ አልፈርምም ብትል ደግሞ ከዚያች ክፍል የምትወጣው ሬሳዋ ነው።

ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጥቷት መሬት መሬት አየ።

«እና አሞታል ያልኩሽ...» ብሎ ጀመረ።

«ደህና ነው» አለች። «በየጧቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቀይዋን መኪና እዚያ ሕንጻ ሥር ያቆማታል። ትናንት አራተኛውን ወለል አርማታ ሞሉ።»

በመስኮቱ አሻግሮ ቢያይ በጣሪያዎቹ መሐል ሕንጻው ተገትሯል። የመኪናዋ ቅላት እንኳ ይለያል።

«እያወቅሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«አንድ ቀን እውነቱን ትነግረኝ እንደሆን ብዬ ነው።» ወረቀቱን አነበበች። «አቶ አልከው?»

«ደንቡ ነው።»

«አሥራ አምስት ቀን በዛ። አሥር አድርገው።» እስክሪብቶውን ከኪሱ ራሷ መዘዘች፤ አሥራ አምስትን ሰርዛ አሥር ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች። «ከዚያስ? ነገሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ብዙ አይቆይም።»

«ለባለጉዳዮችህ እንዲህ ነው የምትላቸው?»

የሚላቸውን እሷም ታውቃለች፦ ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል ነው። ታች ላስቲኩ ተማታ።

«በል ሂድ፣ ስጠው» አለች። «ከመሄድህ በፊት ግን ወንበሬን ከመስኮቱ አዙርልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ግድግዳው።»