ለሳኙ የማያስታውሰው ጠዋት

«መወልወያውን ስጠኝ» አሉ ቄሱ።

ሰውየው ቀና አላለም። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ከላይ ጀምሮ እያጠበ ወደ ታች ወርዶ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። ሳይጨርስ ማንም እንዲያናግረው አይወድም።

«አባ፣ ልብስዎ ይረጥባል፤ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ።»

«ስጠኝ አልኩህ እኮ!»

ጎንበስ ብለው ከእጁ ወሰዱና ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ቄሱ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተዛወሩ ገና ሦስት ወራቸው ነው። የቀድሞው የንስሐ አባቱ ስላረፉ፣ ሰውየው ትናንት ከሰዓት በኋላ ያንን የቆየ ኃጢአቱን ለእኚህ እንደ አዲስ ተናዝዞ ነበር። እሳቸውም እስኪጨርስ ሰምተውት «ነገ እንነጋገራለን» ብለው ብቻ አሰናብተውታል።

ምእመናኑ «ፎርማን» ይሉታል። ድሮ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነበርና። አሁን የዕቃ መጋዘን ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ያጥባል፣ ከሰው ሁሉ በላይ ይጾማል፣ ወደ ቁርባን ግን ቀርቦ አያውቅም። ሚስቱ «አንተ ያገባኸው ዝምታህን ነው» ብላ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ ነው። ሰው ግን ጻድቅ ነው ይለዋል። ይህ ስም ከስድብ በላይ ያመዋል።

«ያ የነገርከኝ ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ አባ።»

«ቤቱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሄደህ ታውቃለህ?»

ፎርማን እርጥብ ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ። «እኔ እንግዲህ እግዚአብሔር ይቅር እንዲለኝ ነው የምለፋው…»

«የኃጢአትህን ዕዳማ ጌታ በመስቀል ላይ ከፍሎታል። አንተ ደግመህ ልትከፍለው አትችልም፣ የጠየቀህም የለም። የተጠየቅከው ሌላ ነው። የሰው እውነት ወስደሃል፤ መልስ። ወደ ሰውየው ሰፈር የሚሄድ አውቶቡስ እያለ አንተ እዚህ ድንጋይ ትፈትጋለህ። ድንጋዩ ምን በደለህ?»

ፎርማን ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

«ቢረግመኝስ አባ?»

«እርግማኑም የራሱ ነው፤ ሄደህ ተቀበለው።»

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያባርረው የኖረው ጠዋት መጥቶ ከጎኑ ቁጭ አለ። አምስተኛ ፎቅ፣ የውጪ ግድግዳ። ለሳኞቹ አራት፣ ደህና የደህንነት ቀበቶ ደግሞ ሦስት። የአራተኛው መንጠቆ ተሰብሮ ነበር። ሥራው ዘግይቶ አለቆቹ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። «ዛሬን ብቻ እንደ ምንም ያለ ቀበቶ ተወጣው፤ ነገ አዲስ አመጣልሃለሁ» አለው ለአንዱ ለሳኝ። ለሳኙም «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ሰዓት ሳይሞላ ወደቀ።

ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲሮጥ ፎርማን ወደ ላይ ሮጠ። የራሱን ቀበቶ ከወገቡ ፈትቶ ለሳኙ ቆሞበት በነበረው ቦታ አንጠለጠለው። ሌሎቹ ሦስቱ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ስለነበሩ ጠዋት ሲያዘው የሰማም፣ አሁን ያየም የለም። ለመርማሪዎቹ «ራሱ ፈትቶት ነው» አላቸው፤ እነሱም እንዳለው ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ሄዶ ሲጠይቀው ለሳኙ «ምን ሆኜ ነው?» አለው። ያንኑ ውሸት ደገመለት። ለሳኙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፎርማን ይህን «መዋሸትህን አውቃለሁ» እንዳለው ቆጠረው። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አይቶት አያውቅም።

በሩን የከፈተችለት የለሳኙ ሚስት ናት። በቤቱ ግማሽ የሚተኮስ የሰው ልብስ ተከምሯል። በሌላው ግማሽ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ለሳኙ የተፈታታ ካውያ ላይ አቀርቅሯል።

«ጋሼ ፎርማን!» ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። «አንተ ነህ? እግዚአብሔር ነው ያመጣህ! አንቺ፣ ወንበር ስጪው እንጂ!»

ፎርማን ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ለዚህ አልተዘጋጀም።

«የመጣሁት…» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልቅደም። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ያን ጠዋት አንድም ነገር አላስታውስም። ከቤት ስወጣ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። ግን ሆስፒታል የነገርከኝን አልረሳሁም። ቀበቶዬን በገዛ እጄ ፈታሁ። የልጄን አባት አሰናከልኩባት፤ ይቺን ምስኪን ለሰው ልብስ ዳረግኳት። አንተም በኔ ዝርክርክነት ሥራህን ለቀቅህ አሉኝ። ለእግዚአብሔር ተናዝዣለሁ፤ ያቺ ቀን በመጣች ቁጥር እጾማለሁ። አንተን ግን በምን እግሬ መጥቼ ልጠይቅህ? ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«ሁሌ እንዲህ ራሱን እንደበላ ነው» አለች ሚስቱ፣ ካውያዋን እየነቀለች። «እኔም ክፉ ነኝ፤ ሲብስብኝ አንዲት ቀበቶ ማሰር አቅቶህ እለዋለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት ግን የወጋው አልረሳም፤ የተወጋው ነው ማን እንደወጋው የማያውቀው። ፎርማን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርግማኑን ሲፈራ የኖረው ሰው፣ ለካስ የእሱን ኃጢአት የኔ ብሎ ተሸክሞ ይጾምለታል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ለሳኙም ይቀለዋል፤ እሱም ተመርቆ ይወጣል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ።

«እናንተ ተጫወቱ፤ እኔ ይህን ላድርስ» ብላ ሚስቲቱ የታጠፈ ልብስ አቀፈች።

«አትሂጂ እህቴ። አንቺም ስሚ» አላት።

ከዚያ ነገራቸው። የተሰበረውን መንጠቆ፣ «ዛሬን ብቻ» ማለቱን፣ ከወገቡ የፈታውን ቀበቶ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

«ታዲያ ቀበቶውን አልፈታሁትም?» አለ ለሳኙ።

«የምትፈታው ቀበቶ አልነበረህም። ያለ ቀበቶ ያወጣሁህ እኔ ነኝ።»

«እና እኔ… ምንም አላጠፋሁም?»

«ምንም።»

ለሳኙ ሁለት እጆቹን ገለባብጦ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ፣ ትክ ብሎ አያቸው። ሚስቱ ያቀፈችውን ልብስ መሬት ላይ ለቀቀችው። «ስንት ጊዜ ነው ያልኩት?» ትላለች ለራሷ። «ስንት ጊዜ ነው እንደዛ ያልኩት?»

«ውጣልኝ» አለ ለሳኙ።

ፎርማን ተነሳ።

«ከቤቴ ውጣ፤ ግን እንዳትሄድ። ልጄ በዘጠኝ ተኩል ከትምህርት ቤት ትመጣለች። አምና ጓደኛዋ አባትሽ ምን ሆኖ ነው ብትላት፣ በራሱ ጥፋት ነው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ብነግራት ራሱን ሊያጸዳ ነው ትላለች። አንተው ትነግራታለህ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔም አላውቅም።»

በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከውስጥ የሴትየዋ ለቅሶ፣ ከዚያ የባሏ ድምፅ ይሰማዋል። ሁለቱ እዚያ ውስጥ አንድ ላይ ናቸው፤ እሱ ብቻውን ነው። የቀለለው ነገር አልነበረም። ከመጋዘኑ ተረኛው ደውሎ «ሰዓትህ አልፏል፣ የት ሆነህ ነው?» ሲለው «ዛሬ አልገባም» አለና ስልኩን ዘጋ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወርዳ ጉልበቱ ላይ ደረሰች። ጎረቤቶች ሲያልፉ ያዩታል፤ ሰላም የሚለው የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ፣ ማንም ጻድቅ የማይለው ሰው ሆኖ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው ነው!

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ቦርሳዋን ባንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ መጣች። ግንባሯ ቁርጥ የአባቷ ነው። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ዘወር ብሎ ቢሄድ ልጅቷ መንገደኛ ነው ብላ ታልፈው ነበር።

«ካውያ ሊያሠሩ ነው ጋሼ?» አለችው በሩን ልትገፋ እጇን እየዘረጋች። «አባዬ አለ እኮ፤ ላስገባዎት?»

«አይ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። «የምፈልገው አንቺን ነው።»